ጠመኔው በማን እጅ ነው?

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላል ያገራችን ሰው። እኛም ዛሬ አንድ ነገር ከሥሩ እናንሳ ብለናል። በየትምህርት ቤቱ ኮሪደር የታዋቂ ሴቶች ፎቶግራፍ ተለጥፎ ማየት የተለመደ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚለጠፈው የሴቶች ቀን ሲደርስ ነው። በዓሉ ያልፋል፤ ፎቶግራፉ ግን እስከ ከርሞ እዚያው ይቀራል፣ ፀሐይ እየበላው ይነጣል። ከሥሩ «የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሴት» የሚል አንድ መስመር አለ፤ ሌላ ነገር የለም። ታዲያ በየቀኑ በዚያ በኩል የምታልፍ አንዲት የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ከዚህ ፎቶግራፍ ምን አገኘች? ሴትዮዋ ትልቅ ሰው መሆኗን? እሱን ከአለባበሷም ታውቀዋለች። ልጅቱ ያላወቀችው፣ ማንም ያልነገራት፣ ሴትዮዋ እዚያ ቦታ ላይ በየት በኩል አድርጋ እንደ ደረሰች ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ዕጩ መምህራንና መምህራኖቻችን! በዚህ እትም የአንዲት ሴት የሥራ ታሪክ ይዘን የቀረብነው ይህንኑ «በየት በኩል» የሚለውን ጥያቄ ለማንሳት ነው። ሴትዮዋ የካሜሩን ተወላጅ የኢኮኖሚ ምሁር ዶክተር ቬራ ሶንግዌ ናቸው። ከ2017 እስከ 2022 የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ዋና ጸሐፊ ነበሩ። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እናስታውቃለን። የሩቅ አገር ወሬ እንዳይመስላችሁ፤ ኮሚሽኑ ያለው እዚሁ አዲስ አበባ ነው። ከአብነት ወደ ልደታ ወርዶ በቀላል ባቡር የተሳፈረና እስጢፋኖስ ጋ የወረደ ሰው በእግሩ ይደርስበታል። አጥሩን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ በታክሲ መስኮት እያየን አልፈነዋል። እዚያ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ግን ከመካከላችን ስንቱ ለተማሪዎቹ ማስረዳት ይችላል?

ኮሚሽኑ የተቋቋመው በ1958 ነው። የአፍሪካ አዳራሽ የሚባለው ሕንፃው በ1961 ተመረቀ። ንድፉ የጣሊያናዊው አርክቴክት የአርቱሮ ሜዜዲሚ ነው፤ ትልቁ ባለቀለም የመስታወት ሥዕል ደግሞ የሠዓሊ አፈወርቅ ተክሌ ሥራ ነው። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1963 የተመሠረተው በዚሁ አዳራሽ ነው፤ አዳራሹ ታድሶ በ2024 እንደገና ተከፍቷል። ኮሚሽኑን ከመሩት ሰዎች መካከል የሱዳኑ መኪ አባስ፣ የጋናው ሮበርት ጋርዲነር፣ ከ1975 እስከ 1991 ድረስ የቆዩት የናይጄሪያው አዴባዮ አዴዴጂ፣ የአልጄሪያው ላያሺ ያከር፣ የጋናው ኬ ዋይ አሞአኮ፣ የጋምቢያው አብዱሊ ጃኔህ፣ የጊኒ ቢሳው ካርሎስ ሎፔዝ ይገኙባቸዋል። ስማቸውን የዘረዘርነው ለማወደስም ለመውቀስም አይደለም። አንድ ነገር ልብ እንድትሉልን ነው፤ ከ1958 እስከ 2017 ድረስ፣ ማለትም 59 ዓመት ሙሉ፣ በዚያ ወንበር ላይ በሹመት የተቀመጠች አንዲት ሴት አልነበረችም።

ዶክተር ሶንግዌ ታዲያ በየት በኩል መጡ? የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን የተከታተሉት በካሜሩን በባሜንዳ ከተማ ነው። ከዚያ ወደ አሜሪካ ተሻግረው በሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ኢኮኖሚክስና የፖለቲካ ሳይንስ አጠኑ። ቀጥሎ ወደ ቤልጅግ ሄደው በሉቫን ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ በሕግና በኢኮኖሚክስ ሁለተኛ ዲግሪ፣ በሒሳባዊ ኢኮኖሚክስ ደግሞ የዶክትሬት ዲግሪ አገኙ። በ1998 የዓለም ባንክ ሠራተኛ ሆኑ። በባንኩ ውስጥ ደረጃ በደረጃ አድገው የሴኔጋል፣ የኬፕ ቨርዴ፣ የጋምቢያ፣ የጊኒ ቢሳውና የሞሪታንያ ዳይሬክተር ሆኑ። ከዚያም በዚሁ ባንክ ሥር ባለው በዓለም አቀፉ የፋይናንስ ኮርፖሬሽን የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ ኃላፊ ሆነው ሠሩ። በ2017 የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ አንቶኒዮ ጉቴሬዝ የኢኮኖሚ ኮሚሽኑ መሪ አድርገው ሾሟቸው። ከዓለም ባንክ ቅጥር እስከዚህ ሹመት ድረስ 19 ዓመት ፈጅቷል። እንግዲህ በአንድ ሌሊት የወረደላቸው ነገር የለም ማለት ነው።

ይህን ሰው ሲያነብ ዓይኑ ቶሎ የሚያርፈው ሚቺጋንና ቤልጅግ ላይ ነው። «ውጭ አገር ተምራ ነዋ!» ይባልና ወሬው ያበቃል። እኛ ግን «ሒሳባዊ» የምትለውን ቃል አስምሩባት እንላለን። ሒሳብ ዩኒቨርሲቲ ከገቡ በኋላ የሚጀመር ነገር አይደለም። እያንዳንዱ ክፍል ለሚቀጥለው ክፍል በር ነው። በአራተኛ ክፍል ክፍልፋይ ያመለጣት ልጅ በሰባተኛ ክፍል ፐርሰንት ያመልጣታል፤ ፐርሰንት ያመለጣት ወለድ አይገባትም፤ ወለድ ያልገባት ልጅ ደግሞ አንድ ቀን ስለ አገር ዕዳ በሚመከርበት ጉባኤ ብትቀመጥ እንኳ የሚባለው አይገባትም። በሩ የሚዘጋው ቤልጅግ ላይ አይደለም። የሚዘጋው አራተኛ ክፍል ውስጥ ነው፤ የዚያ ክፍል ቁልፍ ደግሞ ያለው በእኛ በመምህራን ኪስ ውስጥ ነው። በሹመት ዜና ላይ ክፍልፋይ ያስተማረ መምህር ስም አይጠራም፤ ሥራው ግን እዚያው ውስጥ አለ።

ወደ ኮሚሽኑ ሥራ እንመለስ። ኮሚሽኑ ገንዘብ የሚያድል ባንክ አይደለም፤ ትእዛዝ የሚሰጥ መንግሥትም አይደለም። ያጠናል፣ ይቆጥራል፣ ያማክራል፣ መንግሥታትን አንድ ላይ ያስቀምጣል። ለምሳሌ ያህል የአፍሪካ አህጉራዊ ነፃ የንግድ ቀጠናን እንውሰድ። ስምምነቱ በማርች 2018 ኪጋሊ ላይ በ44 አገሮች ተፈረመ፤ በሜይ 2019 በሥራ ላይ ዋለ፤ በስምምነቱ መሠረት መነገድ በይፋ የተጀመረው በጃንዋሪ 2021 ነው። የፈረሙት መንግሥታት ናቸው፤ ድርድሩን የመራው የአፍሪካ ኅብረት ነው። የኮሚሽኑ ባለሙያዎች ግን ጥናቱን በማቅረብና አገሮቹን በማማከር አግዘዋል። ነገሩ ለተማሪ እንዲገባው ከአብነት ወደ መርካቶ ብቅ ማለት ይበቃል። ከሩቅ እስያ የመጣ ዕቃ በየሱቁ ተደርድሯል፤ ከአፍሪካ አገር የመጣው ግን ተፈልጎ ነው የሚገኘው። ለምን? ቀረጡ ነው? መንገዱ ነው? የገንዘቡ መለያየት ነው? ወይስ ሁላችንም አንድ ዓይነት ነገር ስለምናመርት ነው? የኢኮኖሚ ባለሙያ ማለት ይህን «ለምን» በግምት ሳይሆን በቁጥር ለመመለስ የሚደክም ሰው ነው።

በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ሲመጣ ደግሞ የአፍሪካ የገንዘብ ሚኒስትሮች በኮሚሽኑ አማካይነት ተሰብስበው 100 ቢሊዮን ዶላር አስቸኳይ ድጋፍ ጠየቁ። ከዚህ ውስጥ 44 ቢሊዮኑ አዲስ ብር ስጡን ማለት አልነበረም፤ በዚያ ዓመት የምንከፍለው የዕዳ ወለድ ይቅርልን ማለት ነበር። በ2021 የዓለም የገንዘብ ድርጅት 650 ቢሊዮን ዶላር የሚያህል አዲስ መጠባበቂያ ለአባል አገሮቹ ሲያከፋፍል ለመላው አፍሪካ የደረሰው ወደ 33 ቢሊዮን ገደማ ብቻ ነው። ምክንያቱ ምንድን ነው? እቁብ ላይ ሙሉ ዕጣና ሩብ ዕጣ እንዳለ ሁሉ እዚያም ድርሻ አለ፤ ትልቅ ድርሻ ያለው ትልቅ ይወስዳል። ዶክተር ሶንግዌ ገንዘቡ የማያስፈልጋቸው ሀብታም አገሮች ድርሻቸውን ለሚያስፈልጋቸው እንዲያስተላልፉ በየመድረኩ ከተከራከሩት አንዷ ናቸው። እስቲ 33ን ለ650 አካፍሉት። ከመቶ አምስት ያህል ይመጣል። ይህ እኮ የሰባተኛ ክፍል ሒሳብ ነው! የአህጉር ክርክር በሰባተኛ ክፍል ፐርሰንት ይጀመራል።

አንድ ምሳሌ ብቻ ከሆነ «እሷማ ዕድለኛ ናት» ይባላልና ሌላም እንጨምር። የናይጄሪያዋ ዶክተር ንጎዚ ኦኮንጆ ኢዌላ በማርች 2021 የዓለም ንግድ ድርጅት ዋና ዳይሬክተር ሆነው ሥራ ጀመሩ፤ ለቦታው የመጀመሪያዋ ሴትም፣ የመጀመሪያዋ አፍሪካዊትም ናቸው። በ2024 ለሁለተኛ የሥራ ዘመን ተመረጡ። በልጅነታቸው ከ1967 እስከ 1970 በቆየው የቢያፍራ ጦርነት ውስጥ አልፈዋል፤ ትምህርታቸውም ተቋርጦ ነበር። በኋላ በ1976 ከሃርቫርድ፣ በ1981 በዶክትሬት ከማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተመረቁ፤ በዓለም ባንክ 25 ዓመት ሠሩ፤ ሁለት ጊዜ የአገራቸው የገንዘብ ሚኒስትር ሆኑ። በ2005 ናይጄሪያ ከነበረባት 30 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የውጭ ዕዳ ውስጥ 18 ቢሊዮኑ እንዲሰረዝ የተደራደረውን ቡድን የመሩት እሳቸው ናቸው። ይህም ሒሳብ ነው፤ ከመቶ ስልሳ። ነገሩ ለእኛ አገር ሩቅ አይደለም፤ ኢትዮጵያ የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ለመሆን ያመለከተችው በ2003 ነው፤ ድርድሩም ከሃያ ዓመት በላይ የወሰደ ነው። በዚያ ድርድር ውስጥ የቀረጥ ሠንጠረዥ እያዩ፣ መስመር በመስመር እያሰሉ የሚከራከሩ ሰዎች ያስፈልጋሉ። ከየት ይመጣሉ? እኛ ከምናስተምርበት ክፍል ነዋ!

የራሳችን ሰው ቢሆንስ? ዶክተር እሌኒ ገብረ መድኅን አሉ። ዓለም አቀፍ ድርጅት በመምራት ሳይሆን የአገር ውስጥ ተቋም በማቋቋም ነው የምናነሳቸው። በ1998 ከስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪ ሲያገኙ ያጠኑት የኢትዮጵያን የእህል ገበያ ነበር። በዓለም ባንክና በምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም ከሠሩ በኋላ ወደ አገር ቤት ተመልሰው በኤፕሪል 2008 ሥራ የጀመረውን የኢትዮጵያ ምርት ገበያ አቋቁመው በዋና ሥራ አስፈጻሚነት መሩ። የተነሱበት ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ በአንድ አገር ውስጥ አንዱ ጋ እህል ተርፎ ዋጋ ሲወድቅ፣ ሌላው ጋ ሰው የሚራበው ለምንድን ነው? በ2002 የበቆሎ ዋጋ ወድቆ ገበሬው ኪሳራ ላይ ወደቀ፤ በሚቀጥለው ዓመት ሚሊዮኖች የእርዳታ እህል ጠባቂ ሆኑ። ሻጭና ገዢ የማይተማመኑበት፣ ሚዛኑና ጥራቱ የማይታወቅበት ገበያ ረሃብን ያባብሳል አሉ። ስለዚህ ምርቱ መጋዘን ገብቶ ይመዘናል፣ ደረጃ ይወጣለታል፤ ከዚያ ይሸጣል። ይህን ጥያቄ እህል በረንዳ የምትቸረችር እናትም ትጠይቀዋለች። ልዩነቱ ጥያቄውን በቁጥር ይዞ እስከ መጨረሻው መሄድ ነው።

እስካሁን ያልነውን ይዘን በየመኝታ ክፍሉና በሻይ ቤቱ የሚነሱትን ተቃውሞዎች እንይ። አንደኛው ተቃውሞ እንዲህ ይላል፤ «እነዚህ ሴቶች ከጥሩ ቤተሰብ የተወለዱ፣ አሜሪካ የተማሩ ናቸው። ለእኛ ተማሪ፣ ውሃ ቀድታ፣ ታናሽ ወንድሟን አዝላ፣ ሳትበላ ለምትመጣው ልጅ እንዴት አብነት ይሆናሉ?» ተቃውሞው እውነት አለው። የሁሉም መነሻ እኩል አይደለም፤ እኩል ነው ብሎ ማስተማርም ልጅን መዋሸት ነው። ነገር ግን ከዚህ ተነስቶ «ስለዚህ አትንገሯት» ማለት ሌላ ነገር ነው። ድሃ የሆነችው ልጅ ስለ መንገዱ የሚነግራት ሰው ቤቷ ውስጥ የላትም። የተማረ ቤተሰብ ያላት ልጅ ሒሳብ ጣይ ብትባል እናቷ ወይም አባቷ ይቆጣሉ። የድሃዋን ልጅ ጉዳይ የሚቆጣላት ቢኖር መምህሯ ነው። መምህሯም ዝም ካለ ማን ይናገርላት?

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚህ ይከብዳል። «አንዲት ሴት ትልቅ ወንበር ላይ ብትቀመጥ ጉሊት ላይ ለተቀመጠችው ሴት ምን ፈየደላት? የሽንኩርቱ ዋጋ ቀነሰ?» ይላሉ። እውነቱን እንናገር፤ አልቀነሰም። ዶክተር ሶንግዌ በአምስት ዓመት ውስጥ የአፍሪካን ዕዳ አላጠፉም፤ ኮሚሽኑም ያንን ማድረግ አይችልም፤ ሥልጣኑ አይደለም። የወንበሩ መያዝ ብቻውን ለጉሊቷ ሴት እንጀራ አይሆንም። ይህን እያወቅን ግን አንድ ጥያቄ መልሰን እንጠይቃለን፤ ስለ ጉሊቷ ሴት ኑሮ የሚወሰነው የት ነው? የገንዘቡ ምንዛሪ፣ የዘይቱ ቀረጥ፣ የነዳጁ ዋጋ የሚወሰነው እሷ በሌለችበት ክፍል ውስጥ ነው። እዚያ ክፍል ውስጥ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ሰው ብቻ ከገባ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ጥያቄ ብቻ ይነሳል። ሴት መግባቷ መልሱ ትክክል እንዲሆን ዋስትና አይደለም። ጥያቄው እንዲሰፋ ግን በር ይከፍታል። በሌላ በኩል ደግሞ የጉሊቷ ሴት ልጅ እዚያ ክፍል መግባት የምትችለው ሒሳብ ካወቀች ብቻ ነው።

እንግዲህ ወደ ራሳችን ክፍል እንግባ። የማስተማር ልምምድ ላይ ሄዶ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ የተመለከተ ሁሉ የሚከተለውን አይቷል። የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ነው። መምህሩ ጥያቄውን ጽፎ «ማን ይሠራዋል?» ይላል። ጥያቄው ገና ሳይነበብ የፊት ረድፍ ወንዶች እጅ ይወጣል፤ «ቲቸር! ቲቸር!» ይባላል። ጠመኔው ለአንዱ ይሰጣል። ተሳሳተ፤ ለሌላ ወንድ ይሰጣል። ተሠራ፤ ተጨበጨበ። ከዚያ መምህሩ ወደ ሴቶቹ በኩል ዞር ብሎ «አንቺ፣ ነይ እስቲ ሰሌዳውን አጥፊ» ይላል። ዳስተሩ በሴት እጅ፣ ጠመኔው በወንድ እጅ! ክፉ ሐሳብ ኖሮት አይደለም፤ ልማድ ነው። የክፍል አለቃው ወንድ፣ ምክትሏ ሴት። ወንበር የሚሸከመው ወንድ፣ ወለል የምትጠርገው ሴት። ልጅቱ በዚያ 40 ደቂቃ ውስጥ ከሒሳቡ በላይ አጥርታ የተማረችው ነገር ሰሌዳው ላይ አልተጻፈም።

«ሴቶቹ እኮ እጅ አያወጡም፣ ምን እናድርግ?» የሚለውን መልስ ሰምተነዋል። አያወጡም፤ ልክ ነው። ከቤት ሲወጡ «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» ተብለው የመጡ ልጆች ናቸው። ተሳስታ የተሳቀባት ልጅ ደግሞ ዳግመኛ እጇን አታነሳም። ታዲያ መድኃኒቱ እጅ የሚያወጣውን ብቻ መጥራት ነው? ዘዴው በሥነ ዘዴ ትምህርታችን የተማርነው ነው፤ አዲስ ነገር የለውም። ጥያቄውን ጽፎ ዝም ማለት፣ ሁሉም በደብተሩ እንዲሠራ ጊዜ መስጠት፣ በረድፎቹ መካከል እየተዘዋወሩ ማየት፤ በትክክል የሠራችውን ልጅ አይቶ «ይህንን ወጥተሽ ሥሪልን» ማለት። ልጅቱ ትክክል መሆኗን እያወቀች ነው የምትነሳው። ሁለት ሦስት ጊዜ እንዲህ ከሆነ በአራተኛው እጇ ራሱ ይወጣል። በነገራችን ላይ «ሴት ናትና ቀላሉን ስጧት» የሚለውም ደግነት አይደለም፤ የተሸፈነ ንቀት ነው። ከባዱን ጥያቄ ስጧት፤ ጊዜ ጨምሩላት።

ምሳሌዎቻችንም ይፈተሹ። የሒሳብ ጥያቄ ስናወጣ «አቶ ከበደ በ5000 ብር በሬ ገዝቶ...»፣ «ወ/ሮ አልማዝ 30 እንጀራ ጋግራ...» ማለት ይቀናናል። እንጀራ መጋገር ነውር ኖሮበት አይደለም፤ ከእሱ የማይበላ የለም። ነገር ግን አልማዝ ሁልጊዜ ጋጋሪ፣ ከበደ ሁልጊዜ ነጋዴ ከሆነ ጥያቄው ሁለት ትምህርት ያስተምራል። አንድ ጊዜ እስቲ «ወ/ሮ አልማዝ የባንክ ሥራ አስኪያጅ ናት፤ ለአቶ ከበደ በዓመት ከመቶ 12 ወለድ...» በሉ። ወይም «650 ቢሊዮን ዶላር ቢከፋፈልና ለአፍሪካ 33 ቢሊዮን ቢደርስ ከመቶ ስንት ሆነ?» በሉና ይህን ጥያቄ በዓለም መድረክ ይዛ የተከራከረች አፍሪካዊት ሴት አዲስ አበባ ውስጥ ትሠራ እንደነበር በሁለት ዓረፍተ ነገር ንገሯቸው። ይኸው ነው የትምህርት መርጃ መሣሪያ! ገንዘብ አይጠይቅም፤ ካርቶን መቁረጥ አይጠይቅም።

ለዕጩ መምህራት እኅቶቻችንም የምንለው አለን። የትምህርት ዘርፍ ስትመርጡ «ሒሳብ ይከብዳል፣ ቋንቋ ይሻላል» የሚለው ምክር በየበኩሉ ይሰማል። ቋንቋ ወዳችሁ ከሆነ መልካም፤ ቋንቋም ትልቅ ሙያ ነው። ሒሳብን ፈርታችሁ ከሆነ ግን ቆም በሉ። አንዲት ተማሪ በሕይወቷ የመጀመሪያዋን ሒሳብ የምታውቅ ሴት የምታየው ፎቶግራፍ ላይ መሆን የለበትም፤ ጠመኔ ይዛ ፊት ለፊቷ ቆማ መሆን አለበት። ቬራ ሶንግዌን የማታውቅ ልጅ እናንተን ታውቃለች። ወንድሞቻችንም ይህ የሴቶች ጉዳይ ነው ብላችሁ ገጹን አትለፉት። በቁጥር ብዙ የሒሳብ ክፍል የምታስተምሩት እናንተ ናችሁ፤ ጠመኔውን የምትሰጡትም እናንተ ናችሁ።

መምህራኖቻችንንም በአክብሮት አንድ ነገር እንጠይቃለን። የማስተማር ልምምዳችንን ስትከታተሉ በመገምገሚያው ቅጽ ላይ ድምፃችን ተሰማ ወይ፣ የሰሌዳ አጠቃቀማችን ያምራል ወይ፣ የትምህርት ዕቅዳችን ተሟልቷል ወይ እያላችሁ ታርሙናላችሁ። ከዚያ ጎን አንዲት መስመር ትጨመርልን፤ «በዚህ ክፍለ ጊዜ ሰሌዳ ላይ ወጥተው የሠሩት ወንዶች ስንት፣ ሴቶች ስንት?» ሁለት ቁጥር ብቻ ነው። ማንም በዚህ አይወቀስም፤ ግን ቁጥሩን ያየ መምህር በማግስቱ እንደ ትናንቱ አያስተምርም። ደግሞም የማኅበራዊ ትምህርት ክፍል የአፍሪካ አዳራሽን ለመጎብኘት ደብዳቤ ጽፎ ቢጠይቅ መልካም ነው። ቢፈቀድ እናያለን፤ ባይፈቀድም መጠየቅን እንማራለን።

ያለንበት ሰፈር ስሙ አብነት ነው። አብነት ማለት አይተው የሚከተሉት፣ ምሳሌ የሚሆን ነገር ማለት ነው፤ የቤተ ክህነቱም ትምህርት ቤት የአብነት ትምህርት ቤት ይባላል። በዚያ ትምህርት ቤት ተማሪው መምህሩ ያለውን እየደጋገመ፣ በመምህሩ ፊት እየተፈተነ ነው የሚያድገው፤ የመምህሩን ሥዕል እያየ አይደለም። የእኛም ነጥብ ከዚህ አይወጣም። ፎቶግራፉ ይለጠፍ፤ አንቃወምም። ከሥሩ ግን የሹመቱ ስም ብቻ ሳይሆን መንገዱ ይጻፍ፤ ባሜንዳ፣ ሒሳብ፣ ሚቺጋን፣ ሒሳብ፣ ሉቫን፣ እንደገና ሒሳብ፣ 19 ዓመት ሥራ። ከዚያም ደወሉ ሲደወል ክፍል ገብተን ጠመኔውን ለማን እንደምንሰጥ እንወቅ።

የሚቀጥለው የማስተማር ልምምድ ሲጀመር ፈቃደኛ የሆነ ሁሉ እነዚያን ሁለት ቁጥሮች በደብተሩ ጀርባ ይያዝ፤ ስም አያስፈልግም፣ ክፍሉንና ቁጥሩን ብቻ። ስትመለሱ ሰብስበን በዚሁ ግድግዳ ላይ በሠንጠረዥ እናወጣዋለን። ባልነው የማይስማማ ካለም ይጻፍ። ጽሑፉን ከዚህኛው ጎን እንለጥፈዋለን።